ጉኔይ ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው (ስለ «ኩዜይ ጉኔይ» ወንድማማቾች)

የአራት ኪሎው

ሰሞኑን የቱርኩን ተከታታይ ድራማ «ኩዜይ ጉኔይ»ን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እንደገና እያየሁት ነው። ቃና ቴሌቪዥን ላይ በአማርኛ ይታይ በነበረበት ጊዜ እኛ ቤት ሁሉም የኩዜይ ደጋፊ ነበር። ጉኔይ ብቅ ሲል እናቴ «መጣ ደሞ ይሄ ከሀዲ» ትል ነበር። እኔን ግን በጉኔይ ላይ የሚወርደው ውርጅብኝ ሁሌም ቅር ይለኛል። ለምን እንደሆነ ዛሬ በደንብ ልጻፈው።

ላላያችሁት ባጭሩ። ኢስታንቡል ውስጥ ዳቦ ቤት ያለው ሳሚ የሚባል አባት አለ። ሚስቱ ሃንዳን ናት። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ጉኔይ በትምህርቱ ጎበዝ፣ ጨዋ፣ ጎረቤት የሚመርቀው ልጅ ነው። ኩዜይ ቁጡ ነው፣ ከአፉ እጁ ይቀድማል፣ የአባቱን ዱላ እየቀመሰ ነው ያደገው። አንድ ሌሊት ጉኔይ መኪና እየነዳ ሰው ገጭቶ ይገድላል። ኩዜይ «እኔ ነኝ» ብሎ ጥፋቱን ይወስዳል። 4 ዓመት ይታሰራል። ታሪኩ የሚጀምረው ኩዜይ ከእስር ሲወጣ ነው። ልቡን የሰጣት የጎረቤት ልጅ ጄምሬ አሁን የወንድሙ ናት።

አብዛኛው ሰው ጉኔይን ክፉ ይለዋል። እኔ ፈሪ ነው እላለሁ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ድራማው የቆመው እዚያ ላይ ነው። ክፉ ሰው የሌላው ጉዳት ግድ አይሰጠውም። ጉኔይ ግን ኩዜይን ባየ ቁጥር ይሰቃያል። ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅተዋል። ኩዜይ ቤት ሲመለስ አባትየው እንደ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚቆጥረው። ጉኔይ እዚያው ቆሟል። የሚጠበቅበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አባዬ፣ የነዳሁት እኔ ነኝ።» አይወጣውም። ዛሬን ልለፈው ይላል። ነገም እንደዚያው።

ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ የዚያ ዝምታ ልጅ ነው። ጄምሬን የሚዋሻት እውነቱን ካወቀች እንደምትሄድ ስለገባው ነው። ሲናነሮች የሚባሉት ሀብታሞች ጋ የሚጠጋው፣ ልጃቸውን ባኑን የሚያገባውም ገንዘብ ወዶ ብቻ አይመስለኝም። ከሰፈሩ፣ ከዳቦ ቤቱ፣ ከኩዜይ ፊት መሸሽ አለበት። ደራሲዎቹ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ይህን ሰው ባንድ ቀን አላበላሹትም። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 በቱርኩ ካናል ዲ 80 ክፍል ነው የሄደው። በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ጉኔይ በአንዴ ገደል አልገባም። በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ነው የወረደው። ለኔ ከኩዜይ ጀግንነት የበለጠ የተሠራበት እሱ ነው።

እስቲ እናንተስ?

ሚጡ ከገርጂ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፤ ግን በፍጹም አልስማማም።

ፍርሃት ለአንድ ሌሊት ይገባኛል። ሰው ገጭቶ የደነገጠ ልጅ፣ ወንድሙ ቀድሞ ሲናገርለት አፉ ቢያያዝ አልፈርድበትም። 4 ዓመት ግን ሌሊት አይደለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተኝቶ ተነስቷል፣ ተምሯል፣ ፍቅር ይዞታል፣ ስቋል። በየጠዋቱ ዝም ለማለት እንደገና ወስኗል። በየቀኑ የሚወሰን ነገር ፍርሃት አይባልም።

ደግሞ «ጉኔይ ይሰቃያል» ትላለህ። ይሰቃይ! የሱ ስቃይ ለኩዜይ ምን ጠቀመው? በኋላ ላይ ከሲናነሮች ወገን ከሆነው ከባሪሽ ጋር ሲያያዙ እንዴት እንደሚያደባ፣ እንዴት ጊዜ ጠብቆ እንደሚመታ ረሳኸው? ፈሪ ሰው እንደዚያ አይችልም። ድፍረቱ ነበረው። ለራሱ ጥቅም ሲሆን ይወጣል፣ ለወንድሙ ሲሆን ይጠፋል። ይህንን ነው ክፋት የምለው።

የማታ ተረኛ

ሁለታችሁም ስለ ጉኔይ ታወራላችሁ። ስለ ቤቱ ማን ያውራ?

ሳሚ አንዱን ልጅ ሰቅሎ አንዱን ጥሏል። ሃንዳንም ብታለቅስ ብታለቅስ ዞራ የምትቆመው ጉኔይ ጎን ነው። ለሷ ጉኔይ ከዚያ ቤት የምትወጣበት በር ነው። ባሏ ሲጮህባት የኖረች ሴት፣ አንድ የተማረ ልጅ አላት፣ ተስፋዋን ሁሉ እሱ ላይ ጭናለች። ያን ጊዜ ጉኔይ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ቢል እሱ ብቻ አይደለም እስር ቤት የሚገባው። የእናቱ ተስፋም አብሮ ይገባል። ኩዜይ ደግሞ ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ሳያመነታ የወሰደው። ከሁለቱ ማን እንደሚፈለግ፣ ማን ቢጠፋ ብዙ እንደማይለቀስ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገረው ኖሯል።

እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ብዙ ሰው የኩዜይን መስዋዕትነት እንደ ጀግንነት ያየዋል። እኔ እንደ ቁስል ነው የማየው። ራሱን ርካሽ አድርጎ የቆጠረ ልጅ ነው።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

የማታ ተረኛ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥሽ።

ለረጅም ጊዜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን ቤት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ቱርክ አገር ሳልሄድ። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ትምህርት ቤት ይመጣሉ። አንዱ ደረጃ ይወጣል፣ አንዱ አይወጣም። ማትሪክ ላይ አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይወድቃል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ድምፅ ይለያያል። ያለፈው ሲያስል ሐኪም ይፈለጋል። የወደቀው ሲያስል «ብርድ ነው» ይባላል። ወላጆቹ ክፉዎች አይደሉም። ግን ልጆቹ ይሰማሉ።

ያልታየልኝ ነገር ቢኖር የጎበዙ ልጅ ጭንቀት ነው። ጎበዝ የተባለ ልጅ መሳሳት አይፈቀድለትም። ተሳስቶ ስለማያውቅ ጥፋቱን እንዴት እንደሚናገር አይማርም። ኩዜይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቀጣ አድጓል፤ ቅጣትን ያውቀዋል፣ እንደማይገድለው ያውቃል። ጉኔይ ግን በሕይወቱ የመጀመሪያው ጥፋት ሰው መግደል ሆነበት። ክሩን የከፈትከው ልጅ «ፈሪ ነው» ማለትህ ትክክል ነው። ግን ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ካልተጠየቀ ግማሽ ነው የሚሆነው።

ሚጡ ከገርጂ

መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ጎበዝ ተብለው ያደጉ ስንት ልጆች አሉ፤ ሁሉም ወንድማቸውን አስረው አልተማሩም። አስተዳደግ ያዘነብላል እንጂ እጅ አያስርም። ጄምሬን ይመልከቷት። እሷም እናቷ ጉልተን ጥሩ ባል እንድታገባላት ስትመኝላት ያደገች ናት። ግን ልቧ የነገራትን ለመስማት ዋጋ ከፍላለች።

ሰናይ (ከሻርጃ የተመለስኩ)

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

ኩዜይን የሚጫወተውን ክቫንች ታትሊቱግን ያወቅሁት ከቃና በፊት ነው። «ኑር» የሚባለው ድራማ እ.ኤ.አ. በ2008 በአረብኛ ሲታይ ሙሃነድ የሚሉት እሱን ነበር። ያገሩ ሴቶች ሁሉ ስለሱ ነበር የሚያወሩት። ያኔ መልኩን ነው ያየነው። ኩዜይን ሲሆን ግን ሌላ ሰው ሆነብኝ። ትከሻውን አጥፎ ሲሄድ፣ ሰው ሲነካው ሲደነግጥ፣ የእስር ቤት ልማድ ከሰውነቱ ሳይወጣ ታዩታላችሁ። የሙሃነድ ውበት የለም። ለዚህ ነው ትልቅ ተዋናይ ነው የምለው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። እኔ ለታናሽ ወንድሜ ብዬ ነው አረብ አገር የሄድኩት። ትምህርቱን እንዲጨርስ። ማንም አላስገደደኝም፣ ራሴ ነኝ ያልኩት። ዛሬ መሐንዲስ ነው። እና ስለ ጉኔይ ስታወሩ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የጉኔይ ጥፋት የወንድሙን መስዋዕትነት መቀበሉ አይደለም። ኩዜይ ሰጥቷል፣ እሱ ተቀብሏል። ሰው ለሰው ይሰጣል፤ ቤተሰብ ማለት ይሄው አይደል? ጥፋቱ የተቀበለውን መደበቁ ነው። ወንድሜ በተመረቀ ቀን እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት «ይህ ዲግሪ የእህቴ ነው» አለ። በቃ። ያቺ አንድ ቃል የኔን ዓመታት ቀና አደረገችልኝ። ኩዜይ ያችን አንድ ቃል ነው ያጣው። እስር ቤቱን ችሎታል። ያልቻለው ከወጣ በኋላ ወንድሙ እንደማያውቀው ሰው ሲሆንበት ነው።

ስለዚህ ፈሪም በሉት ክፉም በሉት፣ ለኔ ጉኔይ ምስጋና የነፈገ ሰው ነው።

የአራት ኪሎው

ሰናይ፣ ክሩን የከፈትኩት እንዲህ ያለ ነገር ለመስማት ነው። አመሰግናለሁ።

ዳግም ዘ ቦሌ

«ምስጋና የነፈገ» የሚለው ልብ ይነካል። አሁን ግን ከሌላ ድራማ አንድ ወንድም ላምጣና አነጻጽሩልኝ፤ የ«ጥቁር ፍቅር»ን ሁሴይን።

ታስታውሱ ከሆነ ኦመር ፖሊስ ነው፣ ከቫን ነው የሚመጣው። ኢስታንቡል ውስጥ እጮኛው ሲቤል መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። አጠገቧ የተገደለው ሀብታሙ አህመት ዴኒዘር ነው፣ የኤሊፍ አባት። አገሩ ሁሉ ሲቤል የሽማግሌው ውሽማ ነበረች ብሎ ያወራል። ኦመር ሁለት ቁስል ይዞ ይነሳል፤ ሞቷና ስሟ። ኤሊፍም የአባቷን ገዳይ ትፈልጋለች። ሁለቱ በጠላትነት ይጀምሩና አብረው መፈለግ ይጀምራሉ። አልማዙ፣ ታያር የሚባለው ወንጀለኛ ሀብታም፣ የኤሊፍ እህት የኒሉፈር መታገት፣ ያ ሁሉ ይከተላል።

ገዳዩ ግን ሁሴይን ነው። የኦመር ታላቅ ወንድም። እሱም ፖሊስ። ለታያር የሚሠራ። ድራማውን ድራማ ያደረገው ደግሞ ይህን እኛ ተመልካቾች ከኦመር በጣም ቀድመን ማወቃችን ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን እስከ መጨረሻው ይደብቀው ነበር። «ገዳዩ ማነው» እያስባለ ይነዳን ነበር። እነዚህ ግን ምስጢሩን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ኦመርና ሁሴይን አንድ ማዕድ በቀረቡ ቁጥር፣ እናታቸው ኤልቫን ልጆቼ ባለች ቁጥር፣ መሊኬ ለባሏ ለሁሴይን ቡና ባቀረበች ቁጥር እኛ እንታመማለን። ሁሴይን ኦመርን «አይዞህ፣ እናገኘዋለን» ይለዋል። ከዚህ የሚከብድ ነገር በቱርክ ድራማ ውስጥ አላየሁም።

እና ጥያቄዬ፦ ሁሴይንስ ፈሪ ነው ወይስ ክፉ? ወንድሙን ይወዳል እኮ። የምር ይወደዋል።

የማታ ተረኛ

ሁሴይን ሌላ ነው። ጉኔይ ያጠፋው በአደጋ ነው። ሁሴይን ጠመንጃ ይዞ ነው። ከዚያም በኋላ ምስጢሩን ለመጠበቅ ሌላ ጥፋት ይጨምራል፣ ለዚያ ደግሞ ሌላ። የማይመለስበት ቦታ ደርሶ ነው ድራማው የሚጀምረው። ጉኔይ ግን 80 ክፍል ሙሉ መመለስ ይችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ለዚህ ነው በጉኔይ የበለጠ የምንናደደው ብዬ አስባለሁ። በሁሴይን እናዝናለን፣ በጉኔይ እንናደዳለን። ተስፋ ያለው ሰው ነው የሚያናድደን።

ዳግም ዘ ቦሌ

ይሄን አልካድኩም። ግን የሁሴይን ፍቅር ሐሰት ነው አትሉኝም። ኤንጊን አክዩሬክ በኦመርነቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዓለም አቀፉ ኤሚ ሽልማት ታጭቷል፣ ይገባዋል። እኔ ብሆን ግን ሁሴይንን የተጫወተውንም አብሬ አስጠራ ነበር። ወንድሙን እያቀፈ የሚዋሽ ሰው ፊት መጫወት ከማልቀስ ይከብዳል።

አቤል 22

እኔ ደግሞ ሁሌም የሚያንገበግበኝን ልናገር። እንዲህ ያለ ሰው በኛ ድራማ ውስጥ የት አለ?

«ሰው ለሰው» ኢቲቪ ላይ ሲታይ አገር ቀጥ ይል ነበር። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲመጣ ሰውነቴ ይቀዘቅዝ ነበር። በጣም ግሩም ነበር። እስከ ዛሬ «አስናቀ» ሲባል የማይገባው የለም። ግን አስናቀን ስትጠላው ጨርሰህ ነው የምትጠላው። እሱ ቦታ ብሆንስ ብለህ አትጠይቅም። ጉኔይን ስታይ ግን ራስህን ትጠይቃለህ። «ያን ሌሊት እኔ ብሆን እናገር ነበር?» የሚል ጥያቄ ይዘህ ነው የምትተኛው። የምመኘው ይህንን ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲከፈት ያገራችን የጥበብ ሰዎች ተቃውመው ነበር። ሥራችንን ይወስዳል፣ ባህላችንን ይሸረሽራል አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ቱርኮቹ ትልቅ በጀት አላቸው፣ የኛ ባለሙያ በጥቂት ገንዘብ ነው የሚፍጨረጨረው። ግን ሰውን የያዘው የቦስፎረስ ቪላ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ስንት ቪላ አይቶ ሰልችቶታል። የያዘው ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ አንድ ውሸት ዝም ሲሉ ነው። ይህን ለመጻፍ ቪላ አያስፈልግም። ዳቦ ቤትና ሳሎን ይበቃል።

ሰናይ (ከሻርጃ የተመለስኩ)

አቤል ልክ ብለሃል። ድምፃቸውን የሰጡትን ልጆች ደግሞ አንርሳ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠው ኩዜይን አማርኛ ያናገሩት ያገራችን ልጆች ናቸው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ከሥር በሚሮጥ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ምንም አይገባትም ነበር። እሷ የምታውቀው ኩዜይ የአማርኛው ኩዜይ ነው። ስማቸውን ሰው አያውቀውም፣ ያሳዝናል።

ቤዛ

እስካሁን ያልተነሳ ነገር ላንሳ። ሴቶቹ።

ስለ ወንድማማቾቹ ጥልቀት ሁላችሁም ትክክል ናችሁ። ግን ያ ጥልቀት የመጣው ከሴቶቹ ተወስዶ ነው። ጄምሬ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሁለት ወንዶች የሚጎትቷት ሰው ናት። የራሷ ሥራ፣ የራሷ ሕልም የሚባል ነገር ብዙ አይታይም። ኦይኩ ካራየል በዓይኗ ብቻ ስንቱን እንደሞላችው ስታዩ ነው ተዋናይቷን የምታደንቁት። ባኑ ደግሞ ስሜቷ የማይረጋጋ፣ ሕመም ያለባት ልጅ ናት። ደራሲዎቹ ግን ሕመሟን የሚያስታውሱት ታሪኩ ጩኸት ሲያስፈልገው ነው። ጉኔይ ለሽሽቱ ያገባት ሴት እሷ ናት፤ የዚህን ክር የመጀመሪያ ጽሑፍ ሳነብ ግን ከስሟ በቀር ስለሷ የተባለ ነገር የለም። ጉኔይ ከኩዜይ የሰረቀውን ቆጥራችኋል። ከባኑ የሰረቀውንስ?

ሲማይንም ሰው ሁሉ ይረግማታል። ኩዜይ ልቡ ጄምሬ ጋ እያለ ነው ያገባት። እሱ ጀግና ስለሆነ ይህ አይቆጠርበትም። ድሃ፣ ደጋፊ የሌላት፣ የማትወደድበት ቤት ውስጥ የገባች ልጅ ናት። ያደረገችውን ሁሉ ትክክል ነው አልልም። ግን ለጉኔይ ያን ያህል መረዳት ከሰጠነው ለሷም ይገባታል።

ሚጡ ከገርጂ

ቤዛ፣ ስለ ባኑ እስማማለሁ። ስለ ሲማይ ግን አትችዪኝም። የኩዜይን ቁስል እያወቀች ነው የነካችው።

ቤዛ

ሚጡዬ፣ ኩዜይም የሷን አላየም እኮ። እሱ ቁስሉን ለማሳየት 80 ክፍል ተሰጥቶታል። ለሷ አንድ ክፍል እንኳን ቢሰጣት ምን ትዪ ነበር?

የአራት ኪሎው

የባኑ ነገር ከባድ ጥያቄ ነው። ጉኔይ ባኑን ሲያገባ የሚሸሸው ከወንድሙ ነው ብያለሁ። ሰው እንደ መሸሸጊያ ሲያገቡት ምን እንደሚሆን ድራማው ራሱ ያሳያል፤ ባኑ ስትፈርስ ጉኔይ እያየ ነው። ይህ ግን የኔን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ፈሪ ሰው ከክፉ ሰው ያነሰ አያጠፋም። እንዲያውም ክፉውን ሰው ስታየው ትርቀዋለህ። ፈሪውን ግን ትጠጋዋለህ፣ ምክንያቱም ደግ ይመስላል። ሃንዳንም፣ ጄምሬም፣ ባኑም የተጎዱት ተጠግተውት ነው።

ሚጡ «ድፍረቱ ነበረው» ያልሽው ላይም አንድ ነገር ልበል። ከባሪሽ ጋር ሲታገል ደፋር ይመስላል። ባሪሽ ፊት ግን የሚያጣው ገንዘብና ቦታ ነው። አባቱ ፊት የሚያጣው «ጎበዙ ልጄ» የሚለውን ነው። ለሱ ከባዱ ሁለተኛው ነው። መምህሩ የጻፉት እዚህ ላይ በትክክል ይገባል።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ያስደስታል። ሳሚን ግን ቶሎ አለፋችሁት። እሱን ሳየው ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ፣ ልጁን የሚመታው ስለማይወደው አለመሆኑ ነው። ኩዜይ ራሱን ይመስለዋል። ቁጣው የራሱ ነው፣ እልሁ የራሱ ነው። ጉኔይ ደግሞ መሆን የፈለገው ሰው ነው። አንዱን ልጅ በራሱ ጥላቻ መታው፣ ሌላውን በራሱ ምኞት አነቀው። እስቲ በዚህ ዓይን የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች እንደገና እዩልኝና ተመልሳችሁ ጻፉ።

የማታ ተረኛ

መምህር፣ ዛሬ ተረኛ አይደለሁም። እጀምረዋለሁ። የምመለሰው ግን ስለ ሃንዳን ይዤ ነው፤ ሳሚ ሲመታ እሷ የት እንደነበረች ክፍል በክፍል እጽፋለሁ።